ኩይሳና እንጉዳይ፦ የተርሚቶማይሲስ ወገን ብዝኃነት፣ ሥርጭትና ኬሚካዊ ውህዶች ከሰሜን ጎንደር ደጋና ቆላ አንጻር

መግቢያ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ ኮሶዬን አልፎ ወደ ወገራዋ አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይወጣል። አካባቢው ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚመረትበት ደጋ ነው። በክረምት ወራት በግጦሽ መሬቱና በአጥር ሥር ልዩ ልዩ እንጉዳዮች ይበቅላሉ፤ ሆኖም የዱር እንጉዳይ የደጋው ነዋሪ የዘወትር ምግብ አይደለም። ሕዝቡ ለእንጉዳይ የሰጠው «የጅብ ጥላ» የሚለው ስም ራሱ ነገሩን በጥርጣሬና በርቀት የመመልከት ልማድ እንዳለ ይጠቁማል። በሌላ በኩል በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላማና እርጥብ ስፍራዎች የሚኖሩ ማኅበረሰቦች የክረምቱን መግቢያ እየጠበቁ እንጉዳይ ይለቅማሉ፤ ከሚለቅሟቸውም መካከል በኩይሳ ላይና በኩይሳ ዙሪያ የሚበቅለው የተርሚቶማይሲስ ወገን ይገኝበታል።

ይህ የልማድ ልዩነት ከባህል ብቻ የመነጨ አይደለም። ተርሚቶማይሲስ ያለ ምስጥ የማይኖር ፈንገስ ነው፤ ምስጡ ደግሞ የደጋውን ብርድ አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የወገኑን ብዝኃነት፣ ሥርጭትና ኬሚካዊ ውህዶች በአጭሩ ማብራራት ሲሆን፣ ሦስቱንም ርእሶች የሚያያይዘው አንድ ፍሬ ነገር አለ፤ ይኸውም የእንጉዳዩ ዕጣ ከምስጡ ዕጣ ተለይቶ ሊጠና፣ ሊመረትም ሆነ ሊጠበቅ አለመቻሉ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፈንገሱና ምስጡ

ፈንገስ የሚያለሙ ምስጦች ማክሮተርሚቲኔ በተባለ ንዑስ አስተኔ የሚመደቡ ሲሆን በዓለም ላይ ወደ 330 የሚጠጉ ዝርያዎች አሏቸው። ማክሮተርመስ፣ ኦዶንቶተርመስ፣ ማይክሮተርመስና አንሲስትሮተርመስ ከታወቁት ወገኖቻቸው ውስጥ ናቸው። በምስጥ ጎጆ ውስጥ ፈንገስ መኖሩን ዮሐን ጌርሐርድ ኮኒግ የተባለ ተመራማሪ በሕንድ ካየው ተነሥቶ በ1779 ጽፎ ነበር። ተርሚቶማይሲስን ራሱን የቻለ ወገን አድርጎ የሰየመው ግን ፈረንሳዊው ሮዤ ኤም ሲሆን ጊዜውም 1942 ነው። ወገኑ ዛሬ ሊዮፊላሲየ በተባለው አስተኔ ይመደባል።

ግንኙነቱ የሚካሄደው በሚከተለው መንገድ ነው። ሠራተኛ ምስጦች ደረቅ ሣር፣ ቅጠልና እንጨት ሰብስበው ወደ ጎጆ ያስገባሉ። ወጣት ሠራተኞች ይህን ከፈንገሱ ስፖሮች ጋር አቀላቅለው ከበሉ በኋላ በከፊል የተፈጨውን ኩስ እየደራረቡ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ቅርጽ ያበጁለታል። በዚህ «የፈንገስ እንጀራ» ላይ የፈንገሱ ድር ይስፋፋል፤ ለምግብነት የሚለቀሙ ነጫጭ እንክብሎችም ይወጡበታል። ፈንገሱ ምስጡ በቀላሉ ሊፈጨው የማይችለውን ሊግኒንና ሴሉሎስ ያፈርሳል፤ ከሳምንታት በኋላም ያረጀው የእንጀራው ክፍል ራሱ ይበላል። በ2014 ይፋ የሆነ የማክሮተርመስ ናታሌንሲስና የፈንገሱ ጂኖም ጥናት፣ የዕፅዋት ካርቦሃይድሬትን የማፍረሱ ሥራ በፈንገሱና በምስጡ አንጀት ባሉ ባክቴሪያዎች መካከል የተከፋፈለ መሆኑን አሳይቷል።

ምስጦቹም በበኩላቸው ለፈንገሱ የተረጋጋ ቤት ይሠሩለታል። በማክሮተርመስ ኩይሳ ውስጥ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ተጠግቶ የሚቆይ ሲሆን እርጥበቱም ከፍተኛ ነው። ሠራተኞቹ ሌሎች ፈንገሶችን ያስወግዳሉ። ምስጦቹ ከሞቱ ወይም ጎጆውን ከለቀቁ በቀናት ውስጥ ሱዶክሲላሪያ የተባለ ፈንገስ እንጀራውን ይወርሰዋል። ይህም የተርሚቶማይሲስ የበላይነት በምስጦቹ የዕለት ተዕለት እንክብካቤ ላይ የቆመ መሆኑን ያስረዳል።

ብዝኃነት

በወገኑ ውስጥ 30 ያህል ዝርያዎች እንዳሉ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ ቆይቷል፤ በቅርብ ዓመታት በተለይ ከእስያ አዳዲስ ዝርያዎች እየተገለጹ በመምጣታቸው ቁጥሩ ከፍ ብሏል። የአካል መጠናቸው ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው። በ1980 ከዛምቢያ የተገለጸው ተርሚቶማይሲስ ቲታኒከስ ቆቡ እስከ አንድ ሜትር ሊሰፋ የሚችል፣ ከሚበሉ እንጉዳዮች ሁሉ ትልቁ ነው። በአንጻሩ የተርሚቶማይሲስ ማይክሮካርፐስ ቆብ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ይህ ትንሹ ዝርያ ምስጦች ከጎጆ አውጥተው በመሬት ገጽ በሚበትኑት የፈንገስ እንጀራ ላይ በመንጋ ይበቅላል። አብዛኞቹ ሌሎች ዝርያዎች ግን ከመሬት ውስጥ ካለው እንጀራ ተነሥተው ረጅም፣ ሥር የሚመስል የግንድ ቅጥያ በመዘርጋት አፈሩን ሰንጥቀው ይወጣሉ። ሾጠጥ ያለው የቆባቸው አናትም ለዚህ ሥራ ያግዛቸዋል።

ከዚህ ወገን ዝርያዎች አንዱ ከሰሜን ኢትዮጵያ የዕፅዋት ጥናት ታሪክ ጋር የተያያዘ ስም አለው። ፈረንሳዊው ናርሲስ ፓቱያር በመጀመሪያ ሌፒዮታ በተባለ ወገን የመደበውና በኋላ ኤም ወደ ተርሚቶማይሲስ ያዛወረው ተርሚቶማይሲስ ሺምፔሪ፣ የጀርመናዊውን ተመራማሪ የቪልሄልም ሺምፐርን ስም ይዟል። ሺምፐር በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እስከ ዕለተ ሞቱ 1878 ድረስ በትግራይና በስሜን ዕፅዋት ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነው። ዝርያው ትልቅ ነጣ ያለ ቆብና በቆቡ መካከል ወፍራም፣ ቡናማ ቅርፊት መሰል ሽፋን ያለው በመሆኑ በመስክ ከሌሎቹ ይለያል።

ዝርያዎቹን በቅርጽ ብቻ መለየት ግን አስተማማኝ አይደለም። የአንድ ዝርያ መጠንና ቀለም እንደ ዕድሜው፣ እንደ አፈሩና እንደ ዝናቡ ይለዋወጣል። ስለዚህ የዛሬው አሠራር የቅርጽ መግለጫን ከዲ ኤን ኤ ቅደም ተከተል ጋር ማጣመርን ይጠይቃል። ከአፍሪካ በቅርጻቸው ብቻ የተሰየሙ ዝርያዎች ብዙ በመሆናቸው፣ የስሞቹን ትክክለኛነት ለማጽናት ናሙና ከየተሰየሙበት አካባቢ እንደገና መሰብሰብ ያስፈልጋል።

ሥርጭት፦ ከአህጉር እስከ ተራራ ጥግ

ተርሚቶማይሲስ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ፣ በማዳጋስካር፣ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ይገኛል። በአሜሪካና በአውስትራሊያ በተፈጥሮ የለም፤ ማክሮተርሚቲኔ ምስጦችም በእነዚህ አህጉራት አይገኙም። የዘር ሐረግ ጥናቶች ግንኙነቱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአፍሪካ ደን ውስጥ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት እንደተጀመረ ያመለክታሉ። በታንዛኒያ ሩክዋ ስምጥ ሸለቆ የተገኘው 25 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የፈንገስ እንጀራ ቅሪተ አካልም ይህን ግምት ያጠናክራል። ከዚያ በኋላ ፈንገስ አልሚ ምስጦች ከአፍሪካ ወደ እስያና ወደ ማዳጋስካር ተስፋፍተዋል።

ፈንገሱ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍበት መንገድም ሥርጭቱን ለመረዳት ያግዛል። በማይክሮተርመስ ወገን ወጣቷ ንግሥት፣ በማክሮተርመስ ቤሊኮሰስ ደግሞ ወጣቱ ንጉሥ፣ የፈንገሱን ስፖር በአንጀት ይዞ አዲስ ጎጆ ይመሠርታል። በአብዛኞቹ ሌሎች ዝርያዎች ግን አዲሱ ጎጆ ያለ ፈንገስ ይጀመራል፤ የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ለምግብ ሲወጡ ስፖሩን ከአካባቢው ያገኙታል። ክንፋም ምስጦች የሚበርሩት በዝናቡ መጀመሪያ ነው። ከሳምንታት በኋላ አዲሶቹ ሠራተኞች ሥራ ሲጀምሩ፣ ከነባር ኩይሳዎች የወጡት እንጉዳዮች ስፖራቸውን በትነው ይጠብቋቸዋል። እንግዲህ ሰው የሚለቅመው እንጉዳይ የፈንገሱ የመራቢያ አካል ብቻ ሳይሆን የቀጣዩ ዓመት ጎጆዎች የዘር ምንጭም ነው። በአንድ ስፍራ የበቀለውን ሁሉ ሳይዘረጋ ነቅሎ መውሰድ ይህን ዑደት ሊያሳሳው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ የምስጥ ዝርያዎችን የሚዘረዝር በ1990 የታተመ ጥናት 61 ዝርያዎችን መዝግቧል፤ ማክሮተርመስ፣ ኦዶንቶተርመስና ማይክሮተርመስ በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። የእንጉዳዩ አጠቃቀም በጥናት የተመዘገበውም ምስጡ በብዛት በሚገኝባቸው አካባቢዎች ነው። ኖቡኮ ቱኖ በ2001 ያሳተሙት ጽሑፍ በደቡብ ምዕራብ የሚኖሩትን የመዠንግር ሕዝብ የእንጉዳይ አጠቃቀም ይገልጻል። በ2020 የታተመ ሌላ ጥናትም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ አሶሳ ዞን፣ መንጌ ወረዳ ለምግብና ለመድኃኒትነት የሚውሉ እንጉዳዮችን መርምሮ ተርሚቶማይሲስን በውስጣቸው አካትቷል።

ወደ ሰሜን ጎንደር ስንመለስ የከፍታው ጉዳይ ይጎላል። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። መተማ ዮሐንስ ወደ 700 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስትገኝ አምባ ጊዮርጊስ ከእርሷ በ2,200 ሜትር ገደማ ትበልጣለች፤ ይህም የ14 ዲግሪ ያህል የሙቀት ልዩነት ማለት ነው። ፈንገስ አልሚ ምስጦች በምሥራቅ አፍሪካ 2,000 ሜትር ገደማ ሲታለፍ እየሳሱ ይሄዳሉ። ምክንያቱን ለመረዳት በኮትዲቯር የተካሄደ የማክሮተርመስ ቤሊኮሰስ ጥናት ይረዳል። በፀሐያማው ሳቫና የሚገኙ ኩይሳዎች ውስጣዊ ሙቀታቸውን ወደ 30 ዲግሪ ሲያቆዩ፣ ቀዝቀዝ ባለው ደን ውስጥ ያሉት ግን ግድግዳቸውን አወፍረውም እንኳ ሙቀቱን እዚያ ማድረስ ይሳናቸዋል፤ የመራባት አቅማቸውም ዝቅ ይላል። ግድግዳው ሲወፍር ሙቀት ይጠበቃል፤ ይሁን እንጂ የአየር ልውውጡ ይዳከምና በጎጆው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማቻል። ሌሊቱ ውርጭ በሚሆንበት ደጋ ይህ ሚዛን ከናካቴው ይፈርሳል።

ከዚህ ተነሥቶ ሊፈተን የሚችል ግምት ማቅረብ ይቻላል። ከኮሶዬ አፋፍ ቁልቁል ወደ አርማጭሆ፣ ከዚያም ወደ መተማና ቋራ በሚዘልቀው ቁልቁለት ላይ የተርሚቶማይሲስ የላይኛው ወሰን ከፈንገስ አልሚ ምስጦች የላይኛው ወሰን ጋር የሚገጥም ወይም ከእርሱ ዝቅ የሚል ይሆናል፤ የዝርያዎቹም ቁጥር ወደ ቆላው ሲወረድ ይጨምራል። ለዚህ ጥናት ተስማሚ ከሆኑት ስፍራዎች አንዱ በ2006 የተቋቋመውና 2,665 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው በቋራ የሚገኘው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ የፓርኩ መሬት ከእርሻው አካባቢ ጋር ሊነጻጸር ይችላልና።

ኬሚካዊ ውህዶች

ስለ ተርሚቶማይሲስ የምግብ ይዘት የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ከፕሮቲን ይጀምራል። እዚህ ላይ ለተመራማሪ የሚጠቅም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ፕሮቲን በተለምዶ የሚሰላው የናይትሮጅንን መጠን በ6.25 በማባዛት ነው። የእንጉዳይ የሕዋስ ግድግዳ ግን ናይትሮጅን ያለበት ካይቲን ስለያዘ ይህ ስሌት መጠኑን ያጋንናል፤ ለእንጉዳይ የሚመከረው ማባዣ 4.38 ነው። በ6.25 ተሰልቶ 30 በመቶ የተባለ ፕሮቲን በ4.38 ሲሰላ ወደ 21 በመቶ ይወርዳል። የሁለት ጥናቶችን ውጤት ከማነጻጸር በፊት የትኛው ማባዣ እንደተወሰደ ማየት ግድ ይላል። ከዚህ ሌላ እንጉዳዩ ኤርጎስቴሮል አለው፤ ይህ ውህድ ለፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲጋለጥ ወደ ቫይታሚን ዲ2 ይለወጣል። ስለዚህ ለቅሞ በፀሐይ የማድረቅ ልማድ ከማቆየት ያለፈ ጥቅም አለው።

ልዩ ከሆኑት ውህዶች መካከል ቴርሚቶማይሴስፊን የተባሉት ይጠቀሳሉ። እነዚህ ከሴሬብሮሳይድ መደብ የሆኑ፣ ማለትም ስኳር የተያያዘባቸው ቅባት መሰል ሞለኪውሎች ናቸው። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2000 ተርሚቶማይሲስ አልቡሚኖሰስ በሚል ስም ከሚታወቀው የቻይና እንጉዳይ ለይተው አውጥተዋቸዋል። ውህዶቹ ፒሲ12 የተባሉትን፣ ከአይጥ የአድሬናል ዕጢ ዕባጭ የተገኙ ሕዋሳት፣ እንደ ነርቭ ሕዋስ ቅርንጫፍ እንዲያወጡ አድርገዋል። በ2010 ደግሞ ከግዙፉ ተርሚቶማይሲስ ቲታኒከስ ቴርሚቶማይካማይድ የተባሉ አምስት ውህዶች ተለይተዋል፤ ከእነርሱም ሁለቱ በኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ጫና ሳቢያ የሚደርስን የሕዋስ ሞት መከላከል ችለዋል። ከሕንድ የተጠኑ ዝርያዎችም ቤታ-ግሉካንን የመሰሉ፣ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳትን የሚያነቃቁ ፖሊሳካራይዶች ተገኝተውባቸዋል።

እነዚህ ግኝቶች ተስፋ ሰጪ ቢሆኑም የሚሉትን ብቻ ማስባል ይገባል። በመስታወት ሳህን ውስጥ ያለ ሕዋስ ለውህዱ የሰጠው ምላሽ እንጉዳዩን የበላ ሰው የሚያገኘው ጥቅም ማለት አይደለም። ውህዱ በምግብ መፈጨት ሂደት ሳይለወጥ ማለፉ፣ ወደ ደም መግባቱ፣ በተገቢው መጠን ወደ አንጎል መድረሱ ለየብቻ መረጋገጥ አለበት። ሁለተኛው ጉዳይ የማንነት ነው። በቻይና ገበያ «ጂዞንግ» ተብሎ የሚሸጠው እንጉዳይ ከአንድ በላይ ዝርያ የሚያጠቃልል በመሆኑ፣ በቀድሞ ጥናቶች ለአንድ ዝርያ የተሰጠ ውህድ የሌላ ዝርያ ሊሆን ይችላል። ኬሚስቱ የሠራበት እንጉዳይ ናሙና በሄርባሪየም ካልተቀመጠ ስሕተቱን ማረም አይቻልም። በአገራችን የሚደረግ ማንኛውም ጥናት ናሙናውን እንደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ብሔራዊ ሄርባሪየም ባለ ተቋም ማስቀመጥ ይኖርበታል። ናሙና ወደ ውጭ አገር ቤተ ሙከራ በሚላክበት ጊዜም ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ፈቃድንና የጥቅም መጋራትን ይጠይቃል። ይህ ለተርሚቶማይሲስ የወረቀት ሥርዓት ብቻ አይደለም፤ የትኛው ኩይሳ መቼ ምን እንደሚያበቅል የሚያውቀው በመጀመሪያ ለቃሚው ማኅበረሰብ ነውና።

የጥንቃቄ ነጥብ

የእንጉዳዩን ጥቅም ማስተዋወቅ አደጋም አለው። በሞቃት አገሮች ከሚከሰቱት የእንጉዳይ መመረዞች ለብዙዎቹ ምክንያት የሚሆነው ክሎሮፊለም ሞሊብዳይቲስ ቆቡ ትልቅ፣ ነጭና ቅርፊታም በመሆኑ ላልለመደ ዓይን ተርሚቶማይሲስ ሊመስል ይችላል። ኃይለኛ ማስመለስና ተቅማጥ ያስከትላል። ቆቡን በነጭ ወረቀት ላይ ደፍቶ ሌሊቱን ማሳደር የስፖሩን ቀለም ያሳያል፦ የክሎሮፊለም አረንጓዴ፣ የተርሚቶማይሲስ ፈካ ያለ ሮዝ ነው። ይሁንና ሮዝ ስፖር ያላቸው መርዛማ እንጉዳዮችም ስላሉ ይህ ብቻውን አይበቃም። ግንዱ ወደ ታች ሲቆፈር ወደ ፈንገስ እንጀራ የሚወርድ ቅጥያ መኖሩ ጠንካራ ማስረጃ ነው። በደጋው፣ ኩይሳ በሌለበት ስፍራ፣ «የምስጥ እንጉዳይ ነው» ብሎ መልቀም ግን ከመነሻው ስሕተት ነው። ለአምባ ጊዮርጊስ አንባቢ የዚህ ጽሑፍ ቀጥተኛ ጥቅም ምናልባት ይህ ነው።

ኩይሳውን ማን ይጠብቀዋል?

ተርሚቶማይሲስ እንደ ኦይስተር እንጉዳይ በጭድና በጥጥ ፍሬ ተረፈ ምርት ላይ አይመረትም። ድሩን በቤተ ሙከራ ማሳደግ ቢቻልም፣ ምስጥ በሌለበት እንጉዳዩን በአስተማማኝ ሁኔታ ለገበያ ማብቀል አልተቻለም። በየገበያው የሚታየው ከዱር የተለቀመ ነው። ስለዚህ አቅርቦቱ የሚወሰነው በኩይሳዎች መኖር ነው።

ኩይሳ ደግሞ ለገበሬው ጠላት ሆኖ ይታያል፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ምስጥ ሰብልን፣ ችግኝንና የቤትን ማገር ያወድማል። በምዕራብ ወለጋ ይህን ጉዳት ለመከላከል ንግሥቲቱን ቆፍሮ ማውጣትና በኩይሳው ውስጥ አልድሪንን የመሰለ ኬሚካል መጨመር ተሞክሯል። አልድሪን በአካባቢ ለረጅም ጊዜ የሚቆይና በሰውነት ስብ ውስጥ የሚጠራቀም መርዝ በመሆኑ በ2001 የጸደቀው የስቶክሆልም ስምምነት ከከለከላቸው የመጀመሪያዎቹ ኬሚካሎች አንዱ ነው። በመርዝ ከታከመ ኩይሳ ላይ እንጉዳይ መልቀም የሚያስከትለውን ለመገመት አያዳግትም። በመተማና በአካባቢው ቆላ ሰሊጥ በሰፊው ሲመረት ደግሞ ለትራክተር እንቅፋት የሚሆን ኩይሳ መደርመሱ አይቀርም። ከኩይሳው ጋር አብሮ የሚጠፋው እንጉዳዩ ብቻ አይደለም፤ በምስጦቹ ተገላብጦ የለማው አፈርና ውኃ ወደ ሥር የሚያሰርጉት ቀዳዳዎችም አብረው ይሄዳሉ።

ሁሉንም ኩይሳ እንጠብቅ ማለት ገበሬውን የማይሰማ ምክር ይሆናል። ሁሉም ምስጥ እኩል እንደማይጎዳ ግን መታወቅ አለበት። ምስጦች ሕይወት ያለውን ሰብል በብዛት የሚያጠቁት የሣር፣ የገለባና የደረቅ እንጨት ምግባቸው ሲታጣ በመሆኑ፣ የሰብል ቅሪትን በማሳው ላይ መተው ጉዳቱን ሊቀንስ ይችላል። በማሳ ዳርና በግጦሽ መሬት ያሉትን ኩይሳዎች ማቆየት፣ በማሳው መካከል ያሉትን ብቻ መቆጣጠርም ሌላው አማራጭ ነው።

ማጠቃለያ

ተርሚቶማይሲስ ለሰው ምግብ፣ ለኬሚስት የውህድ ምንጭ፣ ለሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ደግሞ የ30 ሚሊዮን ዓመት ጉርብትና ምስክር ነው። በሰሜን ጎንደር ሊደረግ የሚገባው የመጀመሪያው ሥራ ከደጋው አፋፍ እስከ ቋራ ቆላ በከፍታ ደረጃ እየተከፋፈሉ ኩይሳውን፣ የምስጡን ዝርያና የእንጉዳዩን ዝርያ በአንድ መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። ጊዜውም ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያሉት የዝናብ ወራት ናቸው። እንጉዳዩን ብቻ ሰብስቦ የኩይሳውን ባለቤት ያልመዘገበ ናሙና ግማሽ ናሙና ነው። የኬሚካዊ ትንተናው ከዚህ በኋላ፣ ማንነቱ በተረጋገጠ ናሙና ላይ ቢደረግ ውጤቱ ይጸናል። ሥራው ሊዘገይ የማይገባው ኩይሳው ከእርሻ መስፋፋት ጋር እየተሽቀዳደመ ስለሆነ ነው፤ አንድ ኩይሳ በትራክተር ለመፍረስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ለመገንባት ግን በርካታ ዓመታት ይፈጅበታል።